ከልክ በላይ ስለሚግል ምድጃ

ቀበና በአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙን ከእንጦጦ ወርዶ ሰፈሩን ከሚያቋርጠው ከቀበና ወንዝ ጋር ይጋራል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አገሩ ደጋ ነው። በክረምት ጭጋጉና ዝናቡ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የሌሊቱ ውርጭ ሰውን ሁሉ ወደ እሳት ያስጠጋዋል። መንዝም ሆነ ደብረ ታቦር የሚኖር ገበሬ ይህን ብርድ ያውቀዋል፤ ንገሩኝ አይልም።

እሳት ማንደድን በትምህርት ቤት የተማረ የለም። ሁላችንም ከእናቶቻችን አይተን ነው የያዝነው። ማቀጣጠሉ አያስቸግረንም። አስቸጋሪው እሳቱ ሲበረታ ወደ ልኩ መመለሱ ነው። ብዙ ቤት የተቃጠለው፣ ብዙ ልጅም የተጎዳው እሳት ጠፍቶ ሳይሆን እሳት በዝቶ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር እንመለከታለን። ምድጃ ከልክ በላይ እንዳይግል ምን እናድርግ? ከጋለ በኋላስ እንዴት እንመልሰው?

ስለ ማገዶው

በቀበናና በእንጦጦ አካባቢ ማገዶ ከተባለ ባሕር ዛፍ ማለት ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። የማገዶው ችግር እጅግ ከመጽናቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን በፍጥነት አደገ። ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተማው በቦታው ሊጸና የቻለው ይህ ዛፍ የማገዶውን ችግር ስላቃለለ ነው። የዛፉ የትውልድ አገር አውስትራሊያ ነው።

ለብዙ አሥር ዓመታት የእንጦጦ ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ቁልቁለቱን ወርደው ለከተማው ሰው ሲሸጡ ኖረዋል። የአንዲቱ ሸክም 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ጎንበስ ብለው ሲሄዱ ከኋላ የሚታየው ቅጠሉ እንጂ ሴትዮዋ አይደለችም። ምድጃ ያለ ልክ ሲነድ በከንቱ የሚቃጠለው የእነዚህ ሴቶች ድካም ነው። በገጠርም ቢሆን ያው ነው፤ ማገዶ ለቀማ የሚሄዱት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

የባሕር ዛፍ ጠባይ መታወቅ አለበት። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን ቀቅለን እንታጠናለን አይደል? ያ አፍንጫ የሚከፍት ሽታ የሚመጣው በቅጠሉ ውስጥ ካለው ዘይት ነው። ዘይት ደግሞ ለእሳት ምን ያህል እንደሚመች ይታወቃል። አንድ እቅፍ ደረቅ ቅጠል ባንድ ጊዜ ምድጃ ውስጥ ብንጨምር ነበልባሉ ድንገት ዘሎ ጣራ ሊደርስ ይችላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ እልም ይላል። ስለዚህ ቅጠል የሚሰጠን ሙቀት ወይ ከልክ በላይ ነው ወይ ከልክ በታች። ቅጠል በጥቂት በጥቂቱ፣ በእፍኝ በእፍኝ እንጂ በእቅፍ አይጨመርም።

ፍልጡ እንደ ቅጠሉ አይደለም። አሁን የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ውሃ ነው። እሳቱ ያንን ውሃ ሲያተን ጉልበቱ ያልቃል፤ የሚተርፈን ጢስ ነው። ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ተደርድሮ አንድ በጋ የከረመ እንጨት ግን ጢሱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በደረቅ እንጨት የሚያነድ ሰው በእርጥብ ጊዜ የለመደውን ያህል ከጨመረ ምድጃው ይግልበታል። ደረቅ እንጨት በቁጥር ያንሳል።

እሳት የሚፈልገው

እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል። ማገዶ፣ አየርና ሙቀት። ከሦስቱ አንዱ ሲቀነስ እሳቱ ይቀንሳል፤ አንዱ ጨርሶ ሲቀር ይጠፋል። አንድ ትርኳሽ ነጥለን ከምድጃው ብናወጣው ጢሶ ጢሶ ይጠፋል፤ ከጓደኞቹ የሚያገኘውን ሙቀት አጥቷልና። ፍምን አመድ ብናለብሰው ይደክማል፤ አየር አንሶታል። እናቶቻችን ማታ ማታ እሳት የሚዳፍኑት ለዚህ ነው። የተዳፈነ ፍም እስከ ንጋት ሳይጠፋም ሳይነድም ያድራል። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። የጋለ ምድጃን ለመመለስም የምንጠቀምበት ይህንኑ ነው።

ሌላም አለ። ነበልባል ሆኖ የምናየው እንጨቱ ራሱ አይደለም። እንጨት ሲሞቅ ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣዋል፤ የሚነደው እሱ ነው። ጋዙ አየር ካጣ ሳይነድ ጢስ ሆኖ ይሄዳል፤ ወይም እምድጃው ውስጥ ታምቆ ይቆያል። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ምጣድ ሲግል

በመጀመሪያ ሁሉም ቤት ስላለው ምጣድ እንናገር። ምጣድ ከልክ በላይ መጋሉን ጋጋሪዋ በእጇ ታውቀዋለች። ሊጡ ገና ሲያርፍ ጭስ ብሎ ይይዛል። እንጀራዋ ዓይን ሳታወጣ ሥሯ ያርራል፤ ስትነሣም ጠርዟ ይሰባበራል። ማሰሻው ሲነካው ወዲያው ጢሱ ከተትጎለጎለ ምጣዱ ግሏል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ አንዳንዶች ውሃ ረጨት ያደርጉበታል። ይህ አይገባም። ምጣድ የሸክላ ነው። በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ያ ቦታ ድንገት ይኮማተራል፤ ሌላው እንደ ሰፋ ይቀራል፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። የብዙ ቀን እንጀራ የጋገረ ምጣድ በአንድ ጭልፋ ውሃ ይሄዳል። የሚሻለው እንዲህ ነው። ማገዶ መጨመሩን አቁሙ። የሚነደውን ከምጣዱ መሐል ወደ ዳር ሳቡት። አክንባሎውን አንሥታችሁ ምጣዱ እንዲተነፍስ ተዉት። ከዚያ ትንሽ ሊጥ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ችኩል ጋጋሪ ሁለት ሦስት እንጀራ አሳርራ የምታተርፈው ጊዜ የለም።

አባቶች «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ስለ ወጡ እውነታቸውን ነው። ስለ ማገዶው ግን ጉልቻ መለወጥ ብዙ ይለውጣል። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ እሳቱ በየጎኑ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ነፋስም እንደ ፈለገ ያንገላታዋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ባለሙያዎች የተሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ይከበዋል። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ነው። በደንብ ከተያዘ የማገዶውን ግማሽ ያህል ሊቆጥብ ይችላል። ነገር ግን አዲስ የገዛ ሰው በጉልቻ ጊዜ የለመደውን ያህል ቅጠል ይከትበታል። ምድጃው ሙቀቱን ስለማያባክን ምጣዱ ይግላል፣ ሊጡ ያርራል። ሰውየውም «ይሄ ምድጃ አይረባም» ብሎ ደጅ ይጥለዋል። ምድጃው ምንም አላጠፋም። ማገዶውን ቀንሱለት።

የቡኻሪ ውስጥ የብረት ምድጃ

በቀበናና በፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ባሉ አንዳንድ የቆዩ ቪላ ቤቶች ቡኻሪ አለ። ቡኻሪ ማለት ከግድግዳው ጋር በድንጋይ ወይም በሸክላ ጡብ የተሠራ፣ የጢስ መውጫው በጣራ በላይ የሚያልፍ የእሳት ቦታ ነው። ክፍት ቡኻሪ ሲያዩት ያምራል እንጂ አብዛኛው ሙቀት ከጢሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል። ስለዚህ አንዳንዶች በቡኻሪው ውስጥ በር ያለው የብረት ምድጃ ያስገቡበታል። በአገራችን ይህ የጥቂት ሰው ዕቃ ነው። ታዲያ ለምን እንናገራለን? ይህን እሳት ብዙ ጊዜ የሚያነደው ባለቤቱ አይደለምና ነው። ከገጠር መጥታ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች ልጅ ወይም ዘበኛው ነው። የታዘዘ ሰው ብርቱ እሳት ካላሳየ የሠራ አይመስለውም። ከዚህም በላይ እዚህ የሚባለው ነገር በርና ቱቦ ላለው ለማናቸውም የእንጨት ምድጃ ይሠራል።

የብረት ምድጃ ከታች ወይም ከበሩ ላይ አየር መግቢያ አለው። ከላይ የጢስ መውጫ አለው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ ቱቦው ይስባል፤ በሳበ ቁጥር አዲስ አየር ከታች ይገባል። ከእንጦጦ በኩል ነፋስ ሲነሣ ስቦቱ ይበረታል። በዚያ ላይ በሩ ገርበብ ካለ፣ አየር መግቢያው ከተከፈተ፣ ምድጃውም በጭራሮና በቀጫጭን ፍልጥ ከታጨቀ እሳቱ ይንበለበላል። ብዙ ሰው ሊያቀጣጥል በሩን ይከፍትና በዚያው ረስቶት ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ምድጃ የሚግለው በአብዛኛው በዚህ በመርሳት ነው።

ምልክቱ ግልጥ ነው። በመጀመሪያ ድምፁን ስሙ። ልከኛ እሳት ይንጣጣል እንጂ አያጉረመርምም። ከቱቦው ውስጥ እንደ ነፋስ የሚያጓራ ድምፅ ከመጣ ስቦቱ በዝቷል። ቀጥሎ ሽታ አለ፤ ብረቱ የተቀባው ቀለም ይሸታል። በጨለማ ስታዩት ብረቱ ደብዘዝ ብሎ ከቀላ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ አልፏል። ይህ ከልክ ያለፈ ነው። ብረቱ ይጣመማል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል፤ በተከፈተው ደግሞ ሌላ አየር ይገባና እሳቱ ይብስበታል። በቡኻሪው ዙሪያ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ። እጅ የማያሳርፍ ከሆነ አደጋ አለ። ከልስኑ ጀርባ እንጨት ካለ ያ እንጨት በየጊዜው በሙቀት እየደረቀና እየጠቆረ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ በቀላል ሙቀት ይቀጣጠላል። «ስንት ዘመን ስናነድበት ምን ሆነ?» የሚል ሰው ይህን አያውቅም።

ምድጃው ሲግል መደናገጥ አያስፈልግም። በመጀመሪያ በሩን ዝጉ። አየር መግቢያውን በጥቂት በጥቂቱ ጠበብ አድርጉት። ማገዶ አትጨምሩ። ልጆችን አርቁ፤ መጋረጃና ወንበሩን ከአጠገቡ አንሡ። አብዛኛው ምድጃ በዚህ ብቻ ይመለሳል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። ነበልባሉ ካልበረደ፣ በሩን ቀስ ብሎ ለመክፈትም የሚያሰጋ ካልሆነ፣ በረጅም አካፋ ደረቅ አመድ በፍሙ ላይ አልብሱት። አመዱ ፍፁም ደረቅ ይሁን። ይህ ያው የእናቶቻችን መዳፈን ነው።

አየሩን ባንድ ጊዜ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ለምን እንደማይገባ እንናገር። ቅድም ያዙልን ያልናት ነገር እዚህ ትመጣለች። እሳቱ በርትቶ ሳለ አየር ድንገት ሲቋረጥበት እንጨቱ መጋሉን አይተውም፤ ጋዙ መውጣቱን ይቀጥላል፤ ግን የሚነድበት አየር የለም። ስለዚህ በምድጃው ውስጥ ይታመቃል። ከዚያ ሰው «ጠፋ እንዴ?» ብሎ በሩን ብርግድ ሲያደርገው አየር ይገባል፤ ጋዙም ባንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ፊት ላይ ይወጣል። ቅንድብና ፀጉር ብቻ ከተቃጠለ ያ ሰው ዕድለኛ ነው። በር የሚከፈተው ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ቆሞ፣ በመጀመሪያ ጣት የምታህል ስንጥቅ ብቻ ከፍቶ ጥቂት ጠብቆ ነው።

ውሃ ደግሞ በጭራሽ አይደፋበትም። የጋለ ብረት እንደ ምጣዱ ይሰነጠቃል። ከዚህ የከፋው እንፋሎቱ ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ትኩስ አመድና ፍም ይዞ ወደ ሰው ይፈነዳል።

ስለ ጥቀርሻ

እሳት የሚበዛበት ሌላ ቦታ አለ፤ ቱቦው ራሱ ነው። እርጥብ እንጨት ስናነድ፣ ወይም ማታ ማታ አየሩን አንቀን ስናሳድር፣ ጢሱ ወደ ቀዝቃዛው ቱቦ ሲደርስ እንደ ቅጥራን ይለጠፋል። ይህ ጥቀርሻ ማገዶ ነው። አንድ ቀን እሳቱ በርትቶ ነበልባሉ እዚያ ሲደርስ ጥቀርሻው ይቀጣጠላል። ሙቀቱም ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከጣራው በላይ ፍንጣሪ ይታያል፤ ቱቦው ይንቀጠቀጣል፤ ቤቱ በሙሉ የሚያጓራ ይመስላል። በዚህ ጊዜ በሩንና አየር መግቢያውን መዝጋት፣ ሰውን ሁሉ ማስወጣት፣ ጎረቤት መጥራት ነው። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው። በቱቦው ውስጥ ውሃ መድፋት ቱቦውን ይሰነጥቀዋል፤ እሳቱም በስንጥቁ ወደ ጣራው ይገባል።

መከላከያው ቀላል ነው። ደረቅ እንጨት ማንደድ፣ ቱቦውንም ቢያንስ በዓመት 1 ጊዜ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ በመስከረም ማስጠረግ ነው። ሲጠረግ ወፍ ጎጆ ሠርታበት እንደሆነ ይታይ። የብረት ምድጃ ባዶውን የሚቆም ከሆነ ከእንጨት፣ ከአልጋና ከመጋረጃ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። የሣር ክዳን ባለው ቤት ግን የብረት ቱቦን በክዳኑ ማሳለፍ አይገባም። ሣር ፍንጣሪ አይችልም፤ ይህን ለገበሬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

እሳቱ ከበረደ በኋላ

እሳቱ በርዶ ፍሙ ሲቀር ሰው ሁሉ ይተኛል። ትልቁ አደጋ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ብርዱን ለማምለጥ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት ያስገባሉ፤ በርና መስኮት ይዘጋሉ፤ ከበር ሥርም ጨርቅ ይወትፋሉ። ወይም ቡኻሪው ሙቀት እንዳያወጣ የጢስ መውጫውን ጨርሰው ይዘጉታል። ፍም አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይተነፍሳል። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ጢስ የለም ማለት መርዝ የለም ማለት አይደለም። ሰውየውን ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱን ያከዳዋል፤ ብዙዎች ግን ተኝተው ሳሉ ስለሆነ ምንም ሳይሰማቸው ይሞታሉ። በአገራችን በዚህ ዓይነት ያለቁ ቤተሰቦች አሉ። ሰው «ከሰል መታው» ይላል፤ አንዳንዱም ጉዳዩን ለሌላ ነገር ይሰጠዋል። ነገሩ ግን ይኸው መርዝ ነው።

ስለዚህ ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነው። ቤት ከገባም በርና መስኮት ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ ሳለ ብቻ ነው። ከመተኛት በፊት ማንደጃው ይውጣ። ፍም ያለበት ቡኻሪ ጢስ መውጫው አይዘጋ፤ ጥቂት ሙቀት ይውጣ፣ ሰው ይትረፍ። ብርዱን ጋቢና ብርድ ልብስ ይቻለው። አመዱም ቢሆን ጠፍቷል ተብሎ በካርቶን ወይም በማዳበሪያ ጆንያ አይቀመጥም። ረመጥ በአመድ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ስለሚችል በብረት ዕቃ ተደርጎ፣ ክዳን ተከድኖ፣ ከቤት ርቆ ይደር።

ጠዋት በር ሲንኳኳ የማይመልስ ሰው ካለ፣ ወይም ራሱን ያዞረው ሰው ካጋጠማችሁ፣ በርና መስኮት በርግዳችሁ ወዲያው ወደ ደጅ አውጡት። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ለማዳን ገብቶ የወደቀም አለና። የነቃ ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እሳት የነካው ሰው ደግሞ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ እነዚህ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ይዘጉበታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዙታል። ልብሱ የተያያዘበት ሰው አይሩጥ፤ ሩጫ አየር ይጨምራል። ይተኛና ይንከባለል፤ ወይም በጋቢ ይጠቅለል። ናይሎን ልብስ ግን ቀልጦ ሥጋ ላይ ስለሚጣበቅ ማፈኛ አይሆንም። የተጣበቀ ልብስ ካለ አትላጡት። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት። በንጹሕ ነጠላ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ሕፃን ከሆነ፣ ወይም ፊቱን፣ እጁን ወይም ብልቱን ከሆነ የተቃጠለው፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም አትዘግዩ።